ማህፀኑ የት እንደተቀደደ የሚናገር አንድ ወረቀት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ክቡር አዘጋጅ፣

ያለፈውን ልጇን በኦፕራሲዮን የወለደች እናት ዳግም ስታረግዝ ከሁሉ አስቀድማ የምትጠይቀው «ይሄኛውንስ አምጬ እወልደዋለሁ ወይስ እንደገና ልቀደድ ነው?» ብላ ነው። በጎንደርና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች ለዚህ ጥያቄ ሁለት መልሶች በሰፊው ይሰማሉ። አንደኛው «አንዴ በኦፕራሲዮን የወለደች ሁልጊዜም በኦፕራሲዮን ነው» የሚለው ሲሆን፣ ሌላው «ሆስፒታል ቶሎ ከሄድሽ ይቀዱሻል፤ ምጡ እስኪፋፋም ከቤትሽ አትውጪ» የሚለው ነው። የመጀመሪያው ምክር በርካታ እናቶችን ሳያስፈልጋቸው ኦፕራሲዮን ጠረጴዛ ላይ ያስተኛል። ሁለተኛው እናትንም ልጅንም ይገድላል።

ይህን ደብዳቤ የጻፍነው በጎንደር በእናቶች ክትትልና በማዋለጃ ክፍል የምንሠራ አዋላጅ ነርሶችና ሐኪሞች ነን። የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። በኦፕራሲዮን የወለደች እናት ሁሉ ከሆስፒታል ስትወጣ ማህፀኗ የትና እንዴት እንደተቀደደ የሚገልጽ ጽሑፍ በእጇ ይሰጣት። የሚቀጥለው እርግዝና ውሳኔ በሙሉ የሚቆመው በዚህ ላይ ስለሆነ ምክንያቱን ዘርዘር አድርገን እናስረዳለን።

የማህፀን የላይኛው ክፍል ወፍራም ጡንቻ ነው። ምጥ ሲመጣ የሚኮማተረውና ልጁን ወደ ታች የሚገፋው እሱ ነው። የታችኛው ክፍል በእርግዝናው የመጨረሻ ወራት እየሳሳ ይሄዳል፤ በምጥ ጊዜ ይለጠጣል እንጂ በኃይል አይኮማተርም። ዛሬ አብዛኛው ኦፕራሲዮን የሚሠራው ፊኛውን ወደ ታች ገፋ አድርጎ ይህን የሳሳውን ክፍል በአግድም በመክፈት ነው። እዚያ ያለ ጠባሳ በሚቀጥለው ምጥ የሚያርፍበት ጫና ያነሰ ነው። የላይኛውን ጡንቻ ቁልቁል የሰነጠቀ ጠባሳ ግን ምጥ ሲበረታ፣ አንዳንዴም ምጥ ሳይጀምር፣ ሊተረተር ይችላል። በቁጥር ሲታይ፣ አንድ የታችኛው ክፍል አግድም ጠባሳ ኖሯቸው ከሚያምጡ 200 እናቶች ማህፀኗ የሚተረተረው የአንዷ ገደማ ነው። ከላይ ቁልቁል ለተቀደዱት ግን ቁጥሩ ከ100 ከ4 እስከ 9 ይደርሳል። ሁለቱን እናቶች በአንድ ዓይን ማየት አይቻልም።

«አንዴ በኦፕራሲዮን፣ ሁልጊዜም በኦፕራሲዮን» የሚለው አባባል ኤድዊን ክሬጊን የተባለ የኒው ዮርክ ሐኪም በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1916 የጻፈው ነው። በዚያ ዘመን ማህፀን የሚከፈተው ከላይ ቁልቁል ስለነበር ምክሩ ለጊዜው ተገቢ ነበር። በ1920ዎቹ መንሮ ከር የተባሉት የግላስጎው ሐኪም የታችኛውን ክፍል በአግድም የመክፈት ዘዴ እንዲስፋፋ ካደረጉ በኋላ ግን አባባሉ የቆመበት ምክንያት ለአብዛኛዎቹ እናቶች ቀርቷል። እኛ ዘንድ ዛሬም እንደ ሕግ መነገሩ ያሳዝነናል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ሆድ ላይ የሚታየው ጠባሳ የቆዳው ብቻ ነው። ቆዳዋ ከእምብርት በታች ቁልቁል ተከፍቶ ማህፀኗ ግን በአግድም የተቀደደ እናት ብዙ ናት፤ በጥድፊያ በሚሠራ ኦፕራሲዮን ይህ የተለመደ ነው። ተቃራኒውም ያጋጥማል። ከታች በአግድም ያማረ ጠባሳ ያላት እናት ማህፀኗ ከላይ ተከፍቶ ሊሆን ይችላል። ይህ የሚሆነው ልጁ ገና በ28 ወይም በ30 ሳምንት ሲወጣና የታችኛው ክፍል ገና በደንብ ሳይሠራ፣ ልጁ በአግድም ተጋድሞ ውኃው ሲፈስ፣ ወይም እንግዴ ልጁ ከታች ሲሸፍን ነው። ስለዚህ ሆድ ገልጦ አይቶ «የአንቺ ጥሩ ነው» ማለት ግምት ነው። አልትራሳውንድም ቢሆን ጠባሳው በየትኛው አቅጣጫ እንደሆነ በእርግጠኝነት አይነግረንም።

ወረቀት የሌላት እናት ስትመጣ የምናደርገው መጠየቅ ነው። የት ሆስፒታል ተሠራሽ፣ በስንት ወርሽ፣ ምጥ ጀምሮሽ ነበር ወይ፣ የልጁ ጭንቅላት ነበር የቀደመው ወይስ መቀመጫው፣ ሲያስወጡሽ «ቀጣዩን በምጥ እንዳትወልጂ» ብለውሻል ወይ? በጊዜው ደርሶ፣ ጭንቅላቱ ቀድሞ፣ ምጥ ረዝሞባት የተሠራች እናት በአብዛኛው ጠባሳዋ የታችኛው አግድም ነው። ከተቻለም ወደተሠራችበት ሆስፒታል ሰው ተልኮ ከኦፕራሲዮን መዝገቡ ላይ ይገለበጥላታል። ይህ ግን በ5ኛው ወር ሲጀመር እንጂ በምጥ ሌሊት የሚሆን ሥራ አይደለም።

ጠባሳው የታችኛው አግድምና አንድ ብቻ መሆኑ ከታወቀ፣ ከሚያምጡት 100 እናቶች ከ72 እስከ 75 የሚሆኑት በማህፀን በር ይወልዳሉ። ከኦፕራሲዮኑ በፊት ወይም በኋላ አንድ ልጅ በምጥ የወለደች ከሆነች ይህ ቁጥር ከ85 እስከ 90 ይደርሳል፤ ከዚህ የሚበልጥ ተስፋ ሰጪ ምልክት የለም። ቀጥሎ የሚታየው ያለፈው ኦፕራሲዮን ምክንያት ነው። ልጁ በመቀመጫው ስለመጣ፣ የልጁ የልብ ምት ስለወረደ፣ መንታ ስለነበሩ ከሆነ፣ ያ ምክንያት በዚህኛው እርግዝና ላይደገም ይችላል። ምጡ በራሱ ጊዜ ከጀመረ፣ ልጁ ከ4 ኪሎ በታች ከሆነ፣ እናትየዋ በጣም ካልወፈረች ዕድሏ ይጨምራል።

«ዳሌሽ ጠባብ ነው» የሚባለው ነገር ለብቻው ጥቂት መስመር ይገባዋል። ይህን የተባሉ እናቶች ብዙ ናቸው፤ ከእነሱ መካከል ግን ጭንቅላቱ ፊቱን ወደ ላይ አዙሮ የወረደ ልጅ ስለነበራቸው፣ ወይም ምጡ ገና ሳይበረታ «አልሄደም» ተብለው የተሠሩ ይገኛሉ። ወሳኙ ጥያቄ ያኔ የማህፀን በሩ ስንት ሴንቲ ሜትር ድረስ ተከፍቶ ነበር የሚለው ነው። 3 ወይም 4 ሴንቲ ሜትር ላይ ቆሞ የተሠራች እናት ዳሌዋ ተፈትኗል ማለት አይቻልም። 10 ሴንቲ ሜትር ሞልቶ፣ ጥሩ ምጥ ኖሮ፣ 3 ኪሎ ልጅ አልወርድ ያላት እናት ግን አሁን ልጁ ከዚያ የሚበልጥ ከሆነ ሁለት ጊዜ ማሰብ አለባት። በልጅነቷ ዳሌዋ የተሰበረ፣ ወይም ቁመቷ በጣም አጭር የሆነ እናትም እንዲሁ።

ማማጥ የሌለባቸው እናቶች በግልጽ ሊነገራቸው ይገባል። ማህፀኗ ከላይ ቁልቁል ወይም በ«ቲ» ቅርጽ የተቀደደ፣ ከዚህ በፊት የተተረተረ፣ እንግዴ ልጁ የማህፀን በሩን የሸፈነ፣ ልጁ በአግድም የተጋደመ እናት ቀን ተቆርጦላት በኦፕራሲዮን ትውለድ። ሁለት ኦፕራሲዮን ያላትን እናት ደም፣ የሰመመን ባለሙያና ሐኪም ሌሊቱን ሙሉ በተሟላበት ሆስፒታል ማማጥ የሚፈቅዱላት አገሮች አሉ። እኛ ባለንበት ሁኔታ ለሁለተኛ ጊዜ የተሠራችውን እናት ለሦስተኛው በቀጠሮ ብትሠራ ይሻላል እንላታለን።

እውነቱን ሳንደብቅ እንናገር። አምጣ የወለደች እናት ከሁሉ የተሻለ ትወጣለች፤ የሚፈሳት ደም ያንሳል፣ የኦፕራሲዮን ቁስል የለባትም፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከቤቷ ትገባለች። በቀጠሮ የተሠራችው መሀል ላይ ናት። ከሁሉ የምትጎዳው ለረጅም ሰዓት አምጣ በመጨረሻ በጥድፊያ የተሠራችው ናት፤ ኢንፌክሽን፣ ደም መፍሰስ፣ የፊኛ መቀደድ በእሷ ላይ ይበዛል። ስለዚህ የማማጥ ዕድሏ ዝቅተኛ የሆነችን እናት «ጎበዝ፣ ሞክሪ» ብሎ መገፋፋት መልካም ምክር አይደለም።

አሁን ብዙ ጊዜ ወደማይነሳው፣ ለእኛ ግን ከባድ ወደሆነው ጉዳይ እንምጣ። ይህ ቤተሰብ ስንት ልጅ ይፈልጋል? ሁለት ልጅ ብቻ ለሚፈልግ ቤተሰብ ሁለተኛው ኦፕራሲዮን ማብቂያው ሊሆን ይችላል። አራትና አምስት ልጅ ለሚመኝ ግን እያንዳንዱ ኦፕራሲዮን ለሚቀጥለው ዕዳ ይተዋል። አንጀትና ፊኛ ከማህፀኑ ጋር ይጣበቃሉ፤ ሐኪሙ ልጁ ጋ ለመድረስ የሚወስድበት ጊዜ ይረዝማል። ከሁሉ የከፋው የእንግዴ ልጁ ነገር ነው። እንግዴ ልጁ ከታች፣ በአሮጌው ጠባሳ ላይ ሲተከል፣ ጠባሳው ስስ ስለሆነ ሥሩ ወደ ማህፀኑ ጡንቻ ዘልቆ ይገባል። ልጁ ከወጣ በኋላ አልላቀቅ ይላል፤ በኃይል ሲሳብ ደሙ እንደ ቧንቧ ይወርዳል፤ ብዙውን ጊዜ ማህፀኑን አውጥቶ ከመጣል ሌላ መላ አይገኝም። በአሜሪካ ከ30 ሺህ በላይ እናቶችን የተከታተለና በአውሮፓውያን 2006 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ እንግዴ ልጁ የማህፀን በሩን ከሸፈነ፣ ከዚህ በፊት አንድ ኦፕራሲዮን ካላቸው ከ100ው በ11ዱ፣ ሁለት ካላቸው በ40ው፣ ሦስት ካላቸው በ61ዱ እንዲህ ተጣብቆ ተገኝቷል። በደቂቃዎች ውስጥ ብዙ ከረጢት ደም ማምጣት ቀላል ባልሆነበት ቦታ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ ይገምተው።

ከዚህ የሚከተል አንድ ግዴታ አለ። ኦፕራሲዮን ያላት ነፍሰ ጡር ሁሉ እንግዴ ልጁ የት እንደተተከለ በአልትራሳውንድ መታየት አለባት፤ በ20 ሳምንት አካባቢ አንዴ፣ ዝቅ ያለ ከሆነ በ32 ሳምንት እንደገና። ያለ ሕመም ደም ከታያት ደግሞ «ትንሽ ነው» ሳትል ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ትሂድ። በጤና ጣቢያም ሆነ በሆስፒታል እንግዴ ልጁ ያለበት ቦታ ሳይታወቅ በጣት ምርመራ አይደረግላት።

በሁለቱ ወሊዶች መካከል ያለው ጊዜም ይቆጠራል። ከኦፕራሲዮኑ እስከሚቀጥለው ወሊድ ድረስ 18 ወር ያልሞላት እናት በምጥ ጊዜ የመተርተር አደጋዋ ሁለት ሦስት እጥፍ ይጨምራል። 18 ወር ማለት ልጁ 9 ወር ሲሞላው እንደገና አረገዘች ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከወሊድ በኋላ ቢያንስ 24 ወር ቆይቶ ማርገዝን ነው፤ ለተቀደደ ማህፀን ይህ ይበልጥ ይሠራል። ጡት ማጥባት ብቻውን ይህን ያህል ጊዜ አይጠብቅም፤ ስለዚህ የእርግዝና መከላከያው ወሬ ከሆስፒታል ሳትወጣ ይነሳ። ሉፕ በኦፕራሲዮኑ ጊዜ እንግዴ ልጁ እንደወጣ ማስቀመጥ ይቻላል። ዳግም ላለማርገዝ ማህፀን ማስቋጠር ግን አስቀድማ በእርግዝናዋ ጊዜ በእርጋታ ወስና ካልሆነ በቀር በጠረጴዛው ላይ የሚጠየቅ ነገር አይደለም።

ቀጠሮ ለመቁረጥም ሆነ ምጥ ለመጠበቅ የመውለጃ ቀኑ ትክክል መሆን አለበት። በእኛ አቆጣጠር ሂሳቡ እንዲህ ነው። የመጨረሻው የወር አበባ የጀመረበትን ቀን ይያዙ፣ 9 ወር ይደምሩ፤ በመሀል ጳጉሜ ካላለፈ 10 ቀን፣ ጳጉሜ ካለፈ 5 ቀን፣ ጳጉሜ 6 በሆነችበት ዓመት 4 ቀን ይጨምሩ። መስከረም 1 የጀመረ ሰኔ 11 ይሆናል። ጥር 15 የጀመረ ጥቅምት 20 ይሆናል። በፈረንጅ አቆጣጠር የተጻፈ የአልትራሳውንድ ወረቀት ወደ ኢትዮጵያ ሲገለበጥ የሚፈጠረው የሳምንት ስህተት በቀጠሮ ኦፕራሲዮን ላይ ዋጋ ያስከፍላል፤ 39 ሳምንት ያልሞላው ልጅ ሳንባው ውስጥ ያለው ፈሳሽ በቶሎ ስለማይደርቅ ትንፋሽ ሊያጥረው ይችላል። በ39 ሳምንት በቀጠሮ ከሚወጡት 100 ሕፃናት ከ4 እስከ 5 የሚሆኑት ትንፋሽ ሲያጥራቸው፣ በ38 ሳምንት 6 ያህል ይሆናሉ። በምጥ ከሚወለዱት ከ2 እስከ 3 ብቻ ናቸው። የወር አበባ ቀኗን የማታስታውስ እናት ከ24 ሳምንት በፊት አንድ አልትራሳውንድ ማግኘቷ ለዚህ ነው የሚያስፈልገው። በ9ኛው ወር የታየ አልትራሳውንድ በሁለትና በሦስት ሳምንት ሊሳሳት ይችላል።

ማማጥ የመረጠችና የሚፈቀድላት እናት ምጧ መጠበቅ ያለበት ኦፕራሲዮን ክፍል፣ ሰመመን ሰጪና ደም ባለበት ሆስፒታል ነው። ጤና ጣቢያ ይህ የለውም። የጤና ጣቢያ አዋላጅ እህቶቻችንን የምንለምናቸው፣ ኦፕራሲዮን ያላትን እናት በ36 ሳምንት ወደ ሆስፒታል እንዲልኩ ነው፤ የማህፀን በሩ 8 ሴንቲ ሜትር ደርሶ በአምቡላንስ ከመሯሯጥ ይህ ይሻላል። ከደባርቅ እስከ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሌሊት መኪና በማይገኝበት፣ ክረምት መንገዱ በሚበላሽበት ቀበሌ ያለች እናት በ38 ሳምንት ወደ እናቶች ማቆያ ብትገባ፣ ወይም ከተማ ያለ ዘመድ ዘንድ ብታርፍ ከሁሉ ይሻላል። በጎንደር ከተማ የምትኖረዋም ብትሆን ቀኗ ከጥምቀት ጋር የሚገጥም ከሆነ ታስብበት፤ ጥር 10 እና 11 ከፒያሳ ወደ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር የሚወስደው መንገድ በሕዝብ ስለሚሞላ ባጃጅም አምቡላንስም በቀላሉ አያልፍም።

ምጥ ስትጀምር ቶሎ ትምጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትወልድን እናት «ምጡ በየ5 ደቂቃው ሲሆን ነይ» እንላታለን፤ ለእዚህችኛዋ ግን ምጥ መሆኑን ስታውቅ፣ ወይም ውኃ ሲፈስ፣ ወዲያው ነው። ስትገባ ክንዷ ላይ፣ በደም ሥሯ፣ ወፍራም ካኑላ (ፈሳሽና ደም የሚሰጥበት ቱቦ) ይገባል፤ 18 ወይም 16 ቁጥር። የደም ዓይነቷና ሄሞግሎቢኗ (ደም ማነስ እንዳለባት የሚያሳየው መጠን) ይታያል፤ ሁለት ከረጢት ደም እንዲዘጋጅላት ይጠየቃል፤ የደም ዓይነቷ አር ኤች ኔጌቲቭ ከሆነ ይህ ቀድሞ በክትትል ጊዜ መታወቅ ነበረበት። የልጁ የልብ ምት በመጀመሪያው የምጥ ክፍል በየ15 ደቂቃው፣ ስትገፋ በየ5 ደቂቃው፣ ምጡ እንዳለፈ ለ1 ደቂቃ ይደመጣል፤ ያለማቋረጥ የሚመዘግብ መሣሪያ ካለ በእሱ። የምጡን ግስጋሴ የሚያሳየው ቅጽ፣ ፓርቶግራፍ፣ ይሞላል። የማህፀን በሩ በየ4 ሰዓቱ ይታያል፤ የምጡ ግስጋሴ ሲጓተት በሌላ እናት ላይ የምንታገሠውን ያህል በእሷ ላይ አንታገሥም፤ የተጓተተ ምጥ በጠባሳ ማህፀን ላይ የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላል።

መድኃኒት ላይ ጥብቅ መሆን ያስፈልጋል። ሚሶፕሮስቶል ለጠባሳ ማህፀን ምጥ ማስጀመሪያ ሆኖ በመጨረሻዎቹ ወራት ፈጽሞ አይሰጥም፤ አንዲት ክኒን ማህፀን ልትተረትር ትችላለች። ምጥ የሚያበረታው ኦክሲቶሲን የመተርተር አደጋውን ሁለት ሦስት እጥፍ ስለሚጨምር ከፍተኛ ሐኪም ሳይወስን፣ ሰው አጠገቧ ሳይቀመጥ አይንጠለጠል። ምጥ ማስጀመር ግድ ከሆነ ጫፉ በውኃ የሚነፋ ቀጭን ቱቦ (ፎሊ ካቴተር) በማህፀን በሩ ማስገባት የተሻለ መንገድ ነው። ሆድ ላይ ተጭኖ ልጁን መግፋት፣ በቤት ውስጥም ምጥ ያፋጥናል ተብሎ የሚጠጣ ማንኛውም የባህል መድኃኒት፣ ሆድ ማሸትም ክልክል ነው። «ማርያም ማርያም» እያሉ አብረዋት የሚያድሩ እናቶችና እህቶች ግን አይከልከሉ። አይዞሽ የምትላት ሴት አጠገቧ ያለች እናት ቀለል አድርጋ ታምጣለች።

መተርተር ሲጀምር በአብዛኛው ቀድሞ የሚለወጠው የልጁ የልብ ምት ነው፤ ከ110 በታች ወርዶ አልመለስ ይላል። ቀጥሎ በምጥና በምጥ መካከል የማይለቅ ሕመም ይመጣል፤ ጠባሳው አካባቢ ሲነካ ይቆጠቁጣል። ምጡ ድንገት ያቆማል፤ እናትየዋ «ተሻለኝ» ልትል ትችላለች፣ ይህ ግን የከፋ ምልክት ነው። ወርዶ የነበረው ጭንቅላት ወደ ላይ ይመለሳል። ሽንቷ ደም ይቀላቅላል፤ ትከሻዋን ሊያማት ይችላል፤ የእሷም ልብ ምት ይፈጥናል፣ ግፊቷ ይወርዳል። ልጁ ወደ ሆድ ከወጣ የሚተርፍበት ጊዜ በደቂቃዎች ስለሚቆጠር «እስከ ነገ ጠዋት እንያት» አይባልም። ቤት ውስጥ፣ ጤና ጣቢያ ውስጥ፣ መንገድ ላይ እነዚህን ምልክቶች ማየት እንጂ ማዳን አይቻልም፤ «ቤትሽ ቆዪ» የሚለውን ምክር ይህን ያህል የምንቃወመው ለዚህ ነው።

በቀጠሮ ኦፕራሲዮን የመረጠችም እናት ምርጫዋ የስንፍና ተደርጎ ሊወራባት አይገባም። ቀኗ 39 ሳምንት ከሞላ በኋላ ይቆረጣል። ከ10 እናቶች የአንዷ ያህል ምጥ ከቀጠሮው ቀን ቀድሞ ስለሚመጣ፣ ያኔ ቀጠሮውን ሳትጠብቅ ወዲያውኑ መሄድ እንዳለባት አስቀድሞ ይነገራት። ምግብ ከኦፕራሲዮኑ 6 ሰዓት በፊት፣ ውኃ 2 ሰዓት በፊት ያቆማል። ደም ማነስ ካለባት ከወራት በፊት መታከም አለበት፤ የብረት ክኒኑን ከቡናና ከሻይ ጋር አትውሰደው፣ አይሠራላትም። ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ቆዳው ከመከፈቱ በፊት ይሰጣል። የጀርባ መርፌ ዕድሜ ልክ ወገብ ያሳምማል የሚባለው እውነት አይደለም፤ ከሙሉ ሰመመን ይልቅ ለእሷም ለልጁም የተሻለ ነው። በ24 ሰዓት ውስጥ ተነስታ ትራመድ፤ እግር ውስጥ ደም እንዳይረጋ የሚጠብቃት ይህ ነው። ለ6 ሳምንት እንስራ ውኃ አትሸከም።

ለእኛ ፍርዱ እንዲህ ነው። አንድ የታችኛው አግድም ጠባሳ ያላት፣ ያለፈው ምክንያት ያልተደገመባት፣ ተጨማሪ ልጆች የምትፈልግ፣ ሆስፒታሉ በቅርቧ ያለ ወይም ከምጥ በፊት ቀርባ ማረፍ የምትችል እናት ብታምጥ ይሻላል ብለን እናምናለን። ሐኪሟም ይህን ሊነፍጋት አይገባም። ርቃ የምትኖርና ከምጥ በፊት መምጣት በምንም መንገድ የማይሆንላት እናት ግን፣ በቤቷ ወይም በመንገድ ከምታምጥ በቀጠሮ ብትሠራ ይሻላታል። ውሳኔው በ36 ሳምንት ባሏም እናቷም ባሉበት፣ ነገር ግን በእሷ ቃል ይወሰንና በካርዷ ላይ ይጻፍ። በሰዓቱ ሐሳቧን ብትለውጥም ቁጣ አይገባትም።

ይህ ሁሉ የሚጀምረው ግን ከዚያች ወረቀት ነው። ኦፕራሲዮን የሚሠሩ ሆስፒታሎች ሁሉ፣ የግልም የመንግሥትም፣ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሎችም ጭምር፣ የሚከተለውን በአማርኛ ጽፈው እንዲሰጡ የዞኑንና የከተማውን ጤና መምሪያ እንጠይቃለን። የተሠራችበት ቀንና የእርግዝናው ሳምንት፤ የተሠራችበት ምክንያት፤ ማህፀኑ የተቀደደበት ቦታና አቅጣጫ፤ ቀዳዳው ወደ ጎን ወይም ወደ ላይ ተቀድዶ ሰፍቶ እንደሆነ፤ የማህፀን በሩ ስንት ሴንቲ ሜትር ደርሶ እንደነበር፤ የልጁ ክብደት፤ ደም ተሰጥቷት እንደሆነ፤ በመጨረሻም «በሚቀጥለው ማማጥ ትችላለች» ወይም «አትችልም» የሚል ግልጽ ዓረፍተ ነገር። ግማሽ ገጽ ይበቃል። ሐኪሙ መርፌውን ካስቀመጠ በኋላ በ5 ደቂቃ ይጽፈዋል። ከዓመት በኋላ ግን ማንም ሊያስታውሰው አይችልም።

እናቶች ይህን ካልተሰጣችሁ ከመውጣታችሁ በፊት ጠይቁ። በየቤቱ የልጅ የክትባት ካርድ እንዴት ተጠንቅቆ እንደሚቀመጥ እናውቃለን፤ ይህችንም ከእሱ ጋር አኑሯት፣ በስልክም ፎቶ አንሷት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም በየቀበሌያችሁ በኦፕራሲዮን የወለዱትን እናቶች ስታገኙ ከሁሉ አስቀድሞ «ወረቀትሽ የት አለ?» በሏቸው። ጠፍቶባት ከሆነ፣ ገና ሳታረግዝ፣ ወደተሠራችበት ሆስፒታል ሄዳ እንድታስገለብጥ እርዷት።

ከአክብሮት ጋር
በማዋለጃ ክፍል የሚሠሩ አዋላጅ ነርሶችና ሐኪሞች
ጎንደር